የፍትህ ሚኒስትር ሁለት ኃላፊነቶች፦ በፖለቲካና በህግ መካከል

የፍትህ ሚኒስትርነት ከሌሎች የሚኒስትርነት ሥልጣኖች የሚለይበት መሠረታዊ ባህርይ አለው። የግብርና፣ የትምህርት ወይም የጤና ሚኒስትር በካቢኔ የተወሰነውን ፖሊሲ ተቀብሎ የማስፈጸም ግዴታ አለበት። ውሳኔውን መቀበል ካልቻለ ሥልጣኑን መልቀቅ ይጠበቅበታል። የፍትህ ሚኒስትሩም የካቢኔ አባል እንደመሆኑ በአብዛኛው ሥራው በዚሁ የጋራ ኃላፊነት መርህ ይመራል። ይሁን እንጂ በበርካታ አገሮች ይኸው ሚኒስትር የመንግስት የህግ አማካሪና የዐቃብያነ ህግ የበላይ ኃላፊ ጭምር ነው። በዚህ ሁለተኛ ሚናው በአንድ ሰው ወይም ድርጅት ላይ ክስ ይመስረት አይመስረት የሚለውን ጉዳይ የሚወስነው በህግና በማስረጃ ላይ ተመስርቶ እንጂ የካቢኔን ድምፅ ወይም የፓርቲን ጥቅም ተከትሎ አይደለም።

ሁለቱ ሚናዎች በአንድ ባለሥልጣን እጅ በሚገናኙበት ጊዜ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ሚኒስትሩ ጠዋት የካቢኔ ባልደረባ ሆኖ ከመከረ በኋላ ከሰዓት በኋላ የባልደረቦቹን ፍላጎት የሚነካ የክስ መዝገብ ሊቀርብለት ይችላል። በዚህ ጊዜ ማንን መስማት እንዳለበት፣ ማንን መስማት እንደሌለበትና ለውሳኔው በማን ፊት እንደሚጠየቅ አገሮች በየጊዜው ያጋጠሟቸውን ችግሮች መነሻ በማድረግ የተለያዩ ሥርዓቶችን ዘርግተዋል።

የሥልጣኑ ይዘት

የፍትህ ሚኒስትር ተግባራት እንደየአገሩ ቢለያዩም በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ህጎችን ማዘጋጀትና የመንግስትን የፍትህ ፖሊሲ መቅረጽ ነው። ሁለተኛው ለመንግስት መስሪያ ቤቶች የህግ ምክር መስጠትና መንግስትን በፍትሐ ብሔር ክርክሮች መወከል ነው። ሦስተኛው የወንጀል ክስ የመመስረት፣ የመከታተልና አስፈላጊ ሲሆን የማንሳት ሥልጣን ነው።

በመጀመሪያው ተግባር ላይ ፖለቲካ መግባቱ የሚጠበቅና ተገቢም ነው። በምርጫ ሥልጣን የያዘ መንግስት ለመራጩ የገባውን ቃል በህግ መልክ የማውጣት መብት አለው። በሦስተኛው ተግባር ግን ሁኔታው ይለወጣል። የአንድ ሰው ነፃነት፣ ንብረትና ክብር በእጁ የገባ ባለሥልጣን በፖለቲካ ስሌት ቢወስን የህግ የበላይነት መሠረቱ ይናጋል። ሁለተኛው ተግባር በሁለቱ መካከል የሚገኝ በመሆኑ አማካሪው መንግስት ሊሰማው የሚፈልገውን ሳይሆን ህጉ የሚለውን እንዲናገር ያስገድዳል።

ችግሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የክስ ውሳኔም ቢሆን ከፖለቲካዊ ጉዳዮች ጨርሶ የማይለይ መሆኑ ነው። ዐቃቤ ህግ ክስ ከመመስረቱ በፊት በቂ ማስረጃ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ክሱ ለህዝብ ጥቅም የሚበጅ መሆኑንም ይመዝናል። ክሱ የአገርን ሰላም ወይም የውጭ ግንኙነት የሚነካ ከሆነ ስለ ጉዳዩ የተሻለ መረጃ ያላቸው ሌሎች ሚኒስትሮች ናቸው። ማንንም የማይጠይቅ የፍትህ ሚኒስትር ሳያውቅ ሊወስን ይችላል፤ የሁሉንም ፍላጎት የሚከተል ደግሞ ውሳኔውን ለሌሎች አሳልፎ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. የ1924ቱ የካምቤል ጉዳይ

ይህ ችግር ጎልቶ ከታየባቸው ቀደምት ክስተቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1924 በብሪታንያ የተፈጸመው ነው። በወቅቱ በራምሴይ ማክዶናልድ የሚመራው የመጀመሪያው የሌበር ፓርቲ መንግስት በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ሳይኖረው አገሪቱን ያስተዳድር ነበር። በጁላይ ወር መጨረሻ "ወርከርስ ዊክሊ" የተባለው የኮሚኒስቶች ጋዜጣ ወታደሮች በሠራተኛ ወገኖቻቸው ላይ እንዳይተኩሱ የሚጠይቅ ጽሁፍ አወጣ። ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ሰር ፓትሪክ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ1797 በወጣውና ወታደሮችን ለአመፅ ማነሳሳትን በሚከለክለው ህግ መሠረት የጋዜጣው አዘጋጅ ጆን ካምቤል እንዲከሰሱ ፈቀዱ።

ክሱ ከገዢው ፓርቲ አባላት ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ካምቤል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግተው የቆሰሉና ሜዳሊያ የተሸለሙ ሰው መሆናቸው ሲታወቅ ጉዳዩ ይበልጥ አነጋጋሪ ሆነ። ካቢኔው በኦገስት 6 ቀን በጉዳዩ ላይ ተወያየ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም ክሱ ተነሳ። ካቢኔው በዚሁ ስብሰባው ፖለቲካዊ ይዘት ያለው ክስ ያለ ቅድሚያ ፈቃዱ እንዳይመሰረት ወስኖ ነበር።

ተቃዋሚ ፓርቲዎች መንግስት በፍትህ ሥራ ጣልቃ ገብቷል በማለት ጉዳዩን ወደ ምክር ቤት አቀረቡት። ሊበራሎች ያቀረቡት የማጣራት ጥያቄ በኦክቶበር 8 ቀን በ364 ድምፅ ድጋፍና በ198 ተቃውሞ አለፈ። ማክዶናልድ ድምፁን እንደ መተማመኛ መለኪያ ቆጥረውት ስለነበር ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ተጠራ። በምርጫው ሌበር ፓርቲ የነበሩት 191 መቀመጫዎች ወደ 151 ወረዱ። ተተኪው መንግስትም የካቢኔውን መመሪያ ሰረዘው።

ሄስቲንግስ ክሱን ያነሱት በራሳቸው ውሳኔ መሆኑን ለምክር ቤቱ አስረድተዋል። ክሱ በማስረጃ ረገድ ደካማ ነበር የሚለው አስተያየትም ደጋፊዎች ነበሩት። ይሁንና ውሳኔው ከካቢኔ ስብሰባ ቀጥሎ በመምጣቱ ትክክለኛ ቢሆን እንኳን የሚያምነው አላገኘም። ለፍትህ ሥራ ኃላፊዎች ከካምቤል ጉዳይ የተረፈው ትምህርት ይኸው ነው።

የሻውክሮስ መርህ

ከሃያ ሰባት ዓመታት በኋላ ሌላው የብሪታንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ ሰር ሃርትሊ ሻውክሮስ ጥያቄውን በግልጽ ቋንቋ መለሱት። ሻውክሮስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑረምበርግ በተካሄደው የናዚ መሪዎች ችሎት የብሪታንያ ዋና ዐቃቤ ህግ ሆነው የሠሩ የህግ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 29 ቀን 1951 ለታችኛው ምክር ቤት የሰጡት ማብራሪያ "የሻውክሮስ መርህ" የሚል መጠሪያ አግኝቶ የብሪታንያን የህግ ሥርዓት በሚከተሉ በርካታ አገሮች ተቀባይነት አግኝቷል።

መርሁ በአራት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ተገቢ የሆኑ ጉዳዮችን ሁሉ ማወቅ ስላለበት የሥራ ባልደረቦቹን ማማከር ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ማማከር ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የባልደረቦቹ እርዳታ በውሳኔው ላይ ተፅዕኖ ያላቸውን ሁኔታዎች ከማሳወቅ አያልፍም፤ ምን መወሰን እንዳለበት ሊነግሩት አይችሉም። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ብቻ በመሆኑ ጫና ሊደረግበት አይገባም። አራተኛ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ውሳኔው በራሱ፣ በፓርቲው ወይም በመንግስቱ የፖለቲካ ዕድል ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ከግምት ማስገባት የለበትም።

የመርሁ ጥንካሬ ሚኒስትሩን ከካቢኔው ጨርሶ አለማግለሉ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ በማሳወቅና በመጫን መካከል ያለውን መስመር የሚያስከብር አካል አለማቋቋሙ ነው።

የህግ ምክርና የኢራቅ ጦርነት

ተመሳሳይ ችግር በህግ አማካሪነት ሚና ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ብሪታንያ ኢራቅን ከመውረሯ በፊት ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ሎርድ ጎልድስሚዝ በማርች 7 ቀን ለጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌየር 13 ገጽ የያዘ የህግ ምክር አቅርበው ነበር። ምክሩ ጦርነቱን ለመደገፍ የሚያስችል መከራከሪያ ሊቀርብ እንደሚችል ቢጠቅስም ከሁሉ የሚሻለው ተጨማሪ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ማግኘት መሆኑን ያመለከተ ነበር። ከአሥር ቀናት በኋላ ለፓርላማ የቀረበው አጭር ጽሁፍ ግን ለወታደራዊ እርምጃው ህጋዊ ሥልጣን መኖሩን ያለ ጥርጣሬ የሚገልጽ ሆነ።

በዕለቱ የተሰበሰበው ካቢኔ የተመለከተው አጭሩን ጽሁፍ እንጂ ጥርጣሬዎቹ የተዘረዘሩበትን ሙሉ ምክር አልነበረም። ሙሉው ሰነድ ለህዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው። በሰር ጆን ቺልኮት የተመራው አጣሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ባወጣው ሪፖርት በጦርነቱ ህጋዊነት ላይ ብይን ባይሰጥም ህጋዊ መሠረት አለ ተብሎ የተወሰነበት ሁኔታ ፈጽሞ አጥጋቢ እንዳልነበር አስታውቋል።

ካናዳ፦ መርሁ የተፈተነበት አጋጣሚ

በካናዳ የፍትህ ሚኒስትሩ በህግ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግም ነው። ይህ አደረጃጀት ፌዴሬሽኑ ከተመሰረተ ጥቂት ወራት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በወጣ ህግ የተደነገገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ህግ ደግሞ የፌዴራል ክሶችን የሚመራ ራሱን የቻለ የዐቃቤ ህግ ዳይሬክተር መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በዚህ ህግ መሠረት ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ ዳይሬክተሩን ማዘዝ ወይም አንድን ክስ ራሱ መረከብ ይችላል፤ ሆኖም ትዕዛዙ በጽሁፍ መሆንና በመንግስት ጋዜጣ መታተም አለበት።

ሥርዓቱ የተፈተነው ዋና ጽሕፈት ቤቱን በሞንትሪያል ባደረገው ኤስ ኤን ሲ ላቫሊን በተባለው የምህንድስና ኩባንያ ክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 የተከሰሰው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ለሊቢያ ባለሥልጣናት 48 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ጉቦ ሰጥቷል በሚል ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ ከፌዴራል መንግስት ጨረታዎች እስከ አሥር ዓመት ሊታገድ ይችል ነበር። በካናዳ 9 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞች ስለነበሩት የኩባንያው ዕጣ በመንግስት ላይ ሥጋት ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ድርጅቶች ጥፋታቸውን አምነውና ካሣ ከፍለው ከፍርድ ሂደት የሚድኑበትን "የእርምት ስምምነት" የሚፈቅድ ህግ ወጣ። ይኸው ህግ የውጭ ባለሥልጣናትን በጉቦ የመደለል ክስ ሲሆን የአገር ኢኮኖሚ ጥቅም ከግምት እንዳይገባ ይከለክላል።

የዐቃቤ ህግ ዳይሬክተሯ ካትሊን ሩሰል በሴፕቴምበር 4 ቀን 2018 ኩባንያውን ለስምምነት ላለመጋበዝ ወሰኑ። በወቅቱ የፍትህ ሚኒስትርና ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ የነበሩት ጆዲ ዊልሰን ሬይቦልድ ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ለዚህ ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያዋ ሰው ሲሆኑ ቀደም ሲልም በዐቃቤ ህግነት ሠርተዋል። ሚኒስትሯ ጉዳዩን ከመረመሩ በኋላ በዳይሬክተሯ ውሳኔ ጣልቃ እንደማይገቡ በሴፕቴምበር 17 ቀን ለጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ገለጹ።

ጉዳዩ በዚህ አልተቋጨም። ሚኒስትሯ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019 ለምክር ቤቱ የፍትህ ኮሚቴ በሰጡት ቃል ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከካቢኔው ጽሕፈት ቤትና ከገንዘብ ሚኒስትሩ ቢሮ 11 ሰዎች አሥር በሚሆኑ የስልክ ጥሪዎችና አሥር በሚሆኑ ስብሰባዎች ውሳኔያቸውን እንዲለውጡ ጫና እንዳደረጉባቸው አስረዱ። ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ኩባንያው መውጣት ከተነገራቸው ባሻገር የኩቤክ ክፍለ ግዛት ምርጫም እንደተነሳባቸው ተናገሩ። ድርጊቱ ተገቢ አለመሆኑን አጥብቀው ቢገልጹም ህገ ወጥ ነበር ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል።

ሚኒስትሯ በጃንዋሪ 14 ቀን 2019 ከፍትህ ሚኒስትርነት ተነስተው ወደ ጦር ጉዳተኞችና ጡረተኞች ሚኒስቴር ተዛውረው የነበረ ሲሆን፣ ጉዳዩ በጋዜጣ ይፋ ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ በፌብሩዋሪ 12 ቀን ከካቢኔው ለቀቁ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋና አማካሪ ጄራልድ በትስ ሥራቸውን ሲለቁ የአገሪቱ ከፍተኛው ሲቪል ሰርቫንት የሆኑት የካቢኔው ጸሐፊ ማይክል ወርኒክም በጡረታ ለመሰናበት መወሰናቸውን አስታወቁ። ሌላዋ ሚኒስትር ጄን ፊልፖት በመንግስቱ አያያዝ እምነት አጥቻለሁ በማለት ለቀቁ። ሁለቱ ሴቶች በኤፕሪል ወር ከገዢው ፓርቲ የምክር ቤት ቡድን ተሰናበቱ።

ትሩዶ በበኩላቸው ተገቢ ያልሆነ ጫና አለማድረጋቸውንና ጥረታቸው የዜጎችን ሥራ ለማዳን እንደነበር ገለጹ። የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩ ማሪዮ ዲዮን ግን በኦገስት 14 ቀን 2019 ባወጡት ሪፖርት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥቅም ግጭት ህጉን አንቀጽ 9 መጣሳቸውን አረጋገጡ። ክሱ ሳይቋረጥ ቀጥሎ በዲሴምበር ወር የኩባንያው የኮንስትራክሽን ቅርንጫፍ የማጭበርበር ወንጀል መፈጸሙን አምኖ 280 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት።

ከዚህ ታሪክ ለመንግስት ሠራተኞች ትኩረት የሚሻው ጫናው የመጣበት መንገድ ነው። ህጉ የፈቀደው ይፋ የሆነ የጽሁፍ ትዕዛዝ አንድም ጊዜ አልተሰጠም። ተደጋግመው የታዩት የስልክ ጥሪ፣ የአማካሪዎች ስብሰባና "እንደገና ይታሰብበት" የሚል ማሳሰቢያ ናቸው። እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሲታይ መረጃ መስጠት ሊመስል ይችላል፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ሲደጋገም ግን ባህርዩ ይለወጣል።

ሥልጣኑን ለሁለት መክፈል

ከክስተቱ በኋላ በካናዳ የፍትህ ሚኒስትርነትና የጠቅላይ ዐቃቤ ህግነት ሥልጣን ለሁለት ሰዎች ይከፈል የሚል ክርክር ተነሳ። ጥናቱን እንዲያካሂዱ የተሰየሙት የቀድሞዋ የፍትህ ሚኒስትር አን ማክሌላን ሥልጣኑ ባይከፈል እንደሚሻል ሃሳብ አቅርበዋል። ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ የካቢኔ አባል መሆኑ በመንግስት ውስጥ ለህግ የሚቆም ድምፅ እንዲኖር ያደርጋል የሚለው ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በምትኩ ምክክር በምን ሁኔታና በማን በኩል እንደሚካሄድ የሚደነግግ ዝርዝር መመሪያ እንዲወጣና የሹመት ቃለ መሃላው የጠቅላይ ዐቃቤ ህጉን ልዩ ኃላፊነት እንዲያመለክት መክረዋል።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ተከትላለች። በዚያ አገር ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉና የፍትህ ሚኒስትሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ወቅት የዳኞች የበላይ፣ የላይኛው ምክር ቤት አፈ ጉባዔና የካቢኔ አባል የነበረው ሎርድ ቻንስለርም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የህገ መንግስት ማሻሻያ ህግ አብዛኛው ሥልጣኑ ተነስቶለታል። በዚሁ ህግ የዳኝነትን ነፃነት የማስከበር ግዴታ ተጥሎበት በዚሁ ይምላል። ይሁንና የካምቤልም ሆነ የኢራቅ ጉዳይ ያጋጠመው ሁለቱ ሥልጣኖች በተለያዩባት በዚህችው አገር መሆኑ መከፈሉ ብቻውን በቂ ዋስትና አለመሆኑን ያሳያል።

የኢትዮጵያ ልምድ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የሚኒስትሮች አስተዳደር በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲቋቋም የፍርድ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። አፈ ንጉሥነት ከፍተኛው የዳኝነት ማዕረግ በመሆኑ ሹመቱ ዳኝነትንና አስተዳደርን በአንድ ሰው ላይ ያጣመረ ነበር። ዳኝነትን ከአስፈጻሚው የመለየቱ ሂደት በተከታታይ ህጎች እየጠነከረ መጥቶ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ህገ መንግስት በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑንና ከማንኛውም የመንግስት አካልና ባለሥልጣን ተፅዕኖ ነፃ መሆኑን ደንግጓል። የዐቃቤ ህግ ሥራ ግን በአስፈጻሚው አካል ሥር የሚገኝ በመሆኑ የሚኒስትሩ ሁለት ሚናዎች ጥያቄ በዚያው ቀጥሏል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ህግ በዚህ ረገድ ትኩረት የሚስብ ድንጋጌ ይዞ ነበር። ህጉ በአንቀጽ 42 ዐቃቤ ህግ ክስ ከማይመሰርትባቸው ምክንያቶች አንዱ ሚኒስትሩ ለህዝብ ጥቅም ሲል ክስ እንዳይቀርብ በፊርማው ያዘዘ እንደሆነ ነው ይላል። በዚህም ሚኒስትሩ ሥልጣን ሲሰጠው ውሳኔውን በስሙና በፊርማው እንዲያረጋግጥ ግዴታ ተጥሎበታል።

የተቋሙ አደረጃጀትም በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን የሙስና ወንጀሎችን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን ነበረው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 943 የፍትህ ሚኒስቴርን በፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ ተክቶ በተለያዩ ተቋማት ተበታትኖ የነበረውን የክስ ሥልጣን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ደግሞ የፍትህ ሚኒስቴርን መልሶ በማቋቋም የጠቅላይ ዐቃቤ ህጉን ሥልጣን ለሚኒስቴሩ አስተላልፏል።

የፖለቲካ ውሳኔና የክስ ሥልጣን የተገናኙበት አንዱ አጋጣሚ በ2010 ዓ.ም. ታይቷል። የወቅቱ ገዢ ፓርቲ የአንዳንድ ፖለቲከኞችና የሌሎች እስረኞች ክስ እንደሚቋረጥ በታኅሣሥ ወር ካስታወቀ በኋላ ጠቅላይ ዐቃቤ ህጉ በጥር 7 ቀን በፌዴራል ደረጃ የ115፣ በደቡብ ክልል የ413 በድምሩ የ528 ሰዎች ክስ እንዲቋረጥ መወሰኑን ገልጸዋል። ውሳኔው የፖለቲካ ምህዳሩን ለማስፋት ተብሎ የተወሰደና በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ነበር። ቢሆንም ሃሳቡ ከፓርቲ ተነስቶ የተፈጸመው በዐቃቤ ህግ እጅ በመሆኑ፣ በፖለቲካ ውሳኔ የሚቋረጥ ክስ መጀመሪያውኑ በምን መሠረት ተመስርቶ ነበር የሚለውን ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ልምዶች እንደሚያመለክቱት በፍትህ ሚኒስትር ሥልጣን ውስጥ ያለው የፖለቲካና የህግ ውጥረት በአንድ አዋጅ የሚወገድ አይደለም። መስሪያ ቤትን መክፈልም ሆነ ማዋሃድ ውጥረቱን ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ያዛውረዋል። ውጤት ያስገኙት ሥርዓቶች ሦስት ነገሮችን አሟልተው የተገኙት ናቸው። እነዚህም ማን መረጃ መስጠት እንደሚችልና ማን ብቻ እንደሚወስን በግልጽ መለየት፣ መረጃውም ሆነ ትዕዛዙ በጽሁፍና በፊርማ እንዲሆን ማድረግ፣ እንዲሁም የወሰነው ባለሥልጣን ምክንያቱን ለተወካዮች ምክር ቤት እንዲያስረዳ ማስገደድ ናቸው።

በዐቃቤ ህግ እጅ ስላለ መዝገብ መስሪያ ቤቱን የሚመለከት ፍሬ ነገር ያለው ኃላፊ ፍሬ ነገሩን በደብዳቤ መግለጽ ይችላል። ውጤቱ ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ በስልክ መናገር ግን ከሥልጣኑ ውጭ ነው። የጥሪው ተቀባይም ጥሪውን በመዝገብ የማስፈር ልማድ ካለው ራሱንም ሆነ መስሪያ ቤቱን ይጠብቃል።

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው የአበው ብሂል የሚያመለክተው ሰው ከባድ ውሳኔን እንኳን በህግ እስከሆነ ድረስ እንደሚቀበል፣ ያለ ህግ የተወሰደበትን ጥቂት ነገር ግን እንደማይረሳ ነው። የካምቤል ጉዳይ በነሳው ክስ አንድ መንግስት የወደቀው፣ በካናዳም አንድ የስልክ ጥሪ ከሌላው ጋር ተደማምሮ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን ከሥራ ያሰናበተው በዚሁ ምክንያት ነው።